ቲኬት ሳይቆረጥ ቀን አይነገርም

የጠያቂያችን ደብዳቤ (አሳጥረነዋል)፦

«የምኖረው ሐርቡ ነው። የታላቅ እህቴን ልጅ እኔና እናታችን ነን የምናሳድጋት። እህቴ በኮንትራት ሪያድ ከገባች አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ስትሄድ ልጅቱ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እንዳታለቅስ ተብሎ ሌሊት ተኝታ ሳለች ነው የወጣችው። አሁን ስምንት ዓመቷ፣ ሁለተኛ ክፍል ናት። እህቴ ሁለት ዓመቷን ስትጨርስ ‹ለአረፋ እመጣለሁ› ብላ ቀረች። ቀጥሎ ‹ረመዳንን ከእናንተ ጋር ነው የምጾመው› አለች፤ ማዳሟ አልለቀቀቻትም። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ኢሞ ሲጠራ ከቤት ትወጣለች። ማታ ማታ አስፋልት ዳር ቆማ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አውቶቡስ ታያለች። አንዳንድ ሌሊት ፍራሽ ታርሳለች። እናታችን ስታለቅስ ባየቻት ቁጥር ‹ነገ ትመጣለች› ትላታለች። አሁን እህቴ ‹በሁለት ወር ውስጥ እገባለሁ› ብላለች። ለልጅቱ እንንገራት ወይስ ድንገት ትምጣባት? ደግሞ እኔን ‹እማ› ነው የምትለኝ። እህቴ ስትመጣ እኔ ምን ልሁን?» ግራ የገባት አክስት

እህታችን፣ «በሁለት ወር» የሚለውን ለልጅቱ አይንገሯት። ድንገት ትምጣባት የሚለውም አይሆንም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለን እንነግርዎታለን።

የስምንት ዓመት ልጅ መጠበቅ ትችላለች። ይኸው አራት ዓመት ጠብቃለች። ያቃታት የተነገራት ቀን መጥቶ ሲያልፍ ማየት ነው። አረፋ ደረሰ፣ በጉ ታረደ፣ የሰፈሩ ልጆች አዲስ ልብስ ለበሱ፣ እናቷ ግን የለችም። ረመዳንም እንዲሁ ገብቶ ወጣ። ትልቅ ሰው በዚህ መሀል ማዳሟን፣ ኢቃማውን (የመኖሪያ ፈቃዱን)፣ ቲኬቱን ያስባል። ልጅ ግን የምታስበው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ወይ «እማዬ የምትለው አይሆንም»፣ ወይ «እኔን አትፈልገኝም»። ስልኩን የምትሸሸው እናቷን ስለጠላች አይመስለንም። ሦስተኛ ቀን እንዳይነገራት ፈርታ ነው።

እዚህ ላይ ለሁሉም ቤተሰብ የሚሆን አንድ ነገር እንበል። ለበዓል እመጣለሁ የሚባለው ቃል በቀላሉ የሚፈርስ ቃል ነው። ሳዑዲ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ሥራ ከሁሉ የሚበዛው በረመዳንና በዒድ ሰሞን ነው፤ ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም፣ እንግዳ ይመላለሳል፣ ምግብ ይበዛል። አሠሪ ሠራተኛዋን መልቀቅ የማይፈልገው በዚያው ጊዜ ነው። ምትክ ለማስመጣት ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ወራት መጠበቅ ስላለበት «ረመዳን ይለፍ»፣ «ሌላዋ ትምጣ» እያለ ያቆያል። እህትዎ ዋሽታ አይደለም። የማይለቋትን ወቅት መርጣ ቃል ገብታ ነው።

አሁን ልጅቱ በሌለችበት ሰዓት ለእህትዎ ይደውሉና አምስት ነገር ይጠይቋት።

የመጀመሪያው፣ የምትመጣው ጠቅልላ ነው ወይስ ለዕረፍት? ኹሩጅ ኒሃኢ ከሆነ ጠቅልላ መውጣቷ ነው። ኹሩጅ ወአውዳ ከሆነ ግን ቤተሰቧን አይታ ትመለሳለች ማለት ነው። ብዙ ቤት ይህን ሳይጠይቅ ይደግሳል። እናትየዋም ደስታቸውን ላለማደብዘዝ ዝም ትላለች፤ ከዚያ በሁለተኛው ወር ሻንጣ ሲታሰር ልጁ ያያል። ሳትሸፋፍን እንድትነግርዎት ያድርጉ።

ሁለተኛው፣ ኢቃማዋ ጊዜው አልፏል ወይ? ካለፈ አሠሪው ሳያድሰው የመጨረሻ መውጫ (ኹሩጅ ኒሃኢ) ማግኘት ከባድ ነው። እድሳቱና ቅጣቱ ከአሠሪው ኪስ ስለሚወጣ ዛሬ ነገ ማለት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው ፓስፖርቷ ነው፤ በማን እጅ ነው? ጊዜውስ አልቋል? ካለቀ ሪያድ በሚገኘው ኤምባሲያችን ወይም በጅዳ ቆንስላ ማሳደስ አለባት፤ ለመውጫ ብቻ ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ምትክ የሚያገለግል የጉዞ ወረቀት) የሚሰጥበትም ጊዜ አለ። አራተኛው ያልተከፈላት ደመወዝ ነው። «ኤርፖርት ስናደርስሽ እንሰጥሻለን» የሚል አሠሪ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም። ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ትቀበል፤ ከተቀበለችም ይዛው ከምትጓዝ ቀድማ ብትልከው ይሻላል። አምስተኛው ቲኬቱ ነው፤ ማን ይቆርጣል፣ መቼ?

የመጨረሻ መውጫ ከተመታ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በ60 ቀን ውስጥ ከአገር መውጣት ግዴታ ነው። ይህን የምንነግርዎ ለሒሳብ እንዲረዳዎ ነው። መውጫው ካልተመታ «በሁለት ወር» ማለት ምኞት ነው፤ ከተመታ ግን መጨረሻው የታወቀ ነገር ሆኗል።

አንድ ክርታስ ወስደው አምስት ሳጥን ይሥሩበት፦ ማዳሟ እሺ አለች፤ ኢቃማና ፓስፖርት ተስተካከለ፤ መውጫ ተመታ፤ ደመወዝ ተከፈለ፤ ቲኬት ተቆረጠ። ልጅቱ በምትተኛበት ግድግዳ ላይ ይለጥፉትና እንዲህ ይበሏት፦ «እማዬ ወደ ቤት ለመምጣት እነዚህ አምስቱ ነገሮች ያስፈልጓታል። አንዱ ሲያልቅ አንቺ ቀለም ትቀቢዋለሽ። አምስቱ ሳያልቁ ቀን አይታወቅም፤ እኔም አላውቅም፣ አያትሽም አታውቅም፣ እማዬም አታውቅም። ሲታወቅ መጀመሪያ የምነግረው ለአንቺ ነው።» ሳጥን የሚቀባው እህትዎ የወረቀቱን ፎቶ ስትልክ ብቻ ነው። «ነገ ይጨርሱልኛል» ስትል አይቀባም። አንዱ ላይ ወር ቢቆም «እዚህ ጋ ቆሟል፤ የቆመው ማዳሟ ወረቀቱን ስላላሳደሰች ነው» ይበሏት። ልጅ እንቅፋቱ የት እንዳለ ካወቀች «የእኔ ጥፋት ነው» ማለቷን ትተዋለች። የፓስፖርትና የመውጫ ፎቶ ግን ከእርስዎ ስልክ አይውጣ፤ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ የሚለጠፍ ሰነድ አታላይ ይጠራል።

ቀን ቆጠራ የሚጀመረው ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ፣ ሰባት ሌሊት ሲቀር ነው። ከዚያ በፊት አይጀምሩ። ቀኑን ደግሞ አስተካክለው ይቁጠሩ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቲኬቱ በፈረንጅ አቆጣጠርና ሰዓት ነው። «ጃንዋሪ 15፣ 01:30» የሚል ቲኬት በእኛ ጥር 7፣ ከሌሊቱ 7፡30 ነው፤ ይህም ማለት ጥር 6 መሽቶ በሚነጋው ሌሊት ነው። ጥር 7 ማታ ቦሌ የሚሄድ ቤተሰብ አንድ ሌሊት ዘግይቷል። ቤት የምትጠብቅ ልጅም ቆጠራዋ ይዛባል። በሳዑዲና በእኛ መካከል የሰዓት ልዩነት ስለሌለ በሌላው አይቸገሩም።

እህትዎ ከአሠሪ ጠፍታ በግሏ የምትሠራ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁሩብ (ከአሠሪ ጠፍታለች የሚል ክስ) የተመዘገበባት ሴት ወረቀቷ ስለተበላሸ በራሷ ፈቃድ ቲኬት ቆርጣ መውጣት አትችልም፤ ተይዛ ሹሜሲን በመሰለ ማቆያ ገብታ ስልኳ ለሳምንታት ሊጠፋ ይችላል። ያን ጊዜ ሳጥን መሥራት አያስፈልግም። ለልጅቱም «እማዬ ስልክ የማይገባበት ቦታ ናት፣ ሲገባ ትደውላለች» ማለት በቂ ነው፤ ኤምባሲውን የሚጠይቅ አንድ የቤተሰብ ሰው ይመደብና የቀራችሁት ቤቱን በወሬ አታናውጡት።

አሁን ወደ ድንገቱ። ልጅቱ አስፋልት ዳር የምትቆመው ለምን ይመስልዎታል? አንድ ጊዜ ተኝታ ሳለች እናቷ ሄደችባት። ያን ቀን የተማረችው «ትልልቅ ሰዎች ሳይነግሩኝ ይሄዳሉ፣ ሳይነግሩኝም ይመጣሉ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ትጠብቃለች፤ ዘብ ቆማለች ብንል ይቀላል። እናቷ ድንገት በሩን ከፍታ ብትገባ ያን ቀን ደስታ ይሆናል፤ ልጅቱ ግን ዘብነቷ ትክክል እንደነበር ታረጋግጣለች፤ ከዚያ በኋላ እናቷ ወደ ኮምቦልቻ ገበያ በወጣች ቁጥር መተኛት አትችልም። አውቶቡሱን ማየት አይከልክሏት። ሁለት ሦስት ቀን አብረዋት ቆመው «እማዬ ስትመጣ አንቺ ሳታውቂ ከዚህ አውቶቡስ አትወርድም። ቀኑን ቀድሜ እነግርሻለሁ፤ ስለዚህ ሳልነግርሽ በቀረሁበት ቀን መጠበቅ የለብሽም» ይበሏት። ቃልዎን ደግሞ ይጠብቁ። ብዙ ልጆች እየቆዩ ራሳቸው ይተዉታል።

ስለ እናታችሁ እንነጋገር። «ነገ ትመጣለች» የሚሉት ልጅቱን ስለሚወዱ ነው፤ አይቆጧቸው፣ ፊት ለፊትም አያርሟቸው። ሌላ አረፍተ ነገር ይስጧቸው። ለምሳሌ፦ «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ በሰላም ያምጣልን፤ ቀኑ ሲታወቅ እኔና አንቺ አብረን እንሰማለን።» ይህ ዱዓም ነው፣ እውነትም ነው። ከቡና በኋላ በሚደረገው ዱዓ ላይ የእናትየዋ ስም ሲጠራ ልጅቱም አሚን ትበል፤ ለእሷ ይህ እናቷን በየቀኑ ሳታለቅስ የምታነሳበት ቦታ ይሆናል።

ሁለት አባባሎች ግን ከቤቱ ይውጡ። አንዱ «ካጠፋሽ እናትሽ አትመጣም» ነው። ይህን የሚል ሰው ልጁ በየምሽቱ ጥፋቱን እንደሚቆጥር አያውቅም። ሌላው «ለአንቺ ብላ ነው የተሰደደችው» የሚለው ነው። ሲሰሙት ደግ ይመስላል። ስምንት ዓመት ላይ ግን ትርጉሙ «እኔ ባልኖር እማዬ እዚህ ትሆን ነበር» ነው። በምትኩ «ዕዳ ነበረብን፣ ቤትም መሥራት ነበረብን፤ እኛ ትልልቆቹ ተመካክረን ነው የወሰንነው» ይበሏት። የቅሬ (የእድር) ሴቶችም ባዩዋት ቁጥር «እናትሽ መቼ ነው የምትመጣው?» እንዳይሏት በቡና ሰዓት ይንገሯቸው፤ ከልብ ነው የሚጠይቁት፣ ነገር ግን ለልጅቱ በቀን አምስት ጊዜ ፈተና ነው። ለክፍል ኃላፊ መምህሯም «እናቷ ውጭ ናት፣ አሁን መመለሷን እየጠበቅን ነው» ብሎ መንገር ይበቃል። ቀን አይንገሯቸው።

የስልኩን ነገር ሰፋ አድርገን እንይ፤ አብዛኛው ጉዳት እዚህ ነው የሚደርሰው። በብዙ ቤት ስልኩ ሲጠራ ነገሩ እንዲህ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ትልልቆቹ ይይዙታል፣ ሀዋላው ደረሰ አልደረሰም ይባላል፣ የታመመ ዘመድ ይቆጠራል፣ ትንሽ ለቅሶ ይኖራል፣ በመጨረሻ ዳታው ሊያልቅ ሲል «እንኪ እናትሽን አናግሪያት» ተብሎ ስልኩ ለልጁ ይሰጣል። እናት «ደህና ነሽ? ትማሪያለሽ? አያትሽን ታዘዢ» ትላለች። ልጅ «እሺ» ትላለች። አለቀ። ይህ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ጊዜ ቢደገምም ልጁ እናቱን አያውቃትም።

ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። በሳምንት ሁለት ቋሚ ሰዓት ይያዝ። ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ እንግዳ ይበዛል፤ አሠሪዎቹ ከምሳ በኋላ የሚያርፉበት፣ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ያለው የሥራ ቀን ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ግን እህትዎ ናት የምታውቀው። መጀመሪያ ልጅቱ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ። የገንዘብ ወሬ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ጥሪ። ከጥሪው በፊት ለእህትዎ ሁለት ወሬ በድምፅ ይላኩላት፦ «ላሚቷ ወለደች፣ ጥጃዋን የሰየመችው እሷ ናት»፤ «በሒሳብ ከአሥር ዘጠኝ አግኝታለች፣ የሰባት ማባዣው አልገባትም ነበር»። እናት «ጥጃዋን ማን አልሻት?» ብላ ከጠየቀች ልጅ ታወራለች። «ደህና ነሽ?» ብላ ከጠየቀች አታወራም።

እንቆቅልሽ በጣም ይረዳል። እናት «እንቆቅልሽ» ትበል፣ ልጅ «ምን አውቅልሽ»፤ መልሱ ግን በዚያ ጥሪ አይነገርም፣ በሚቀጥለው ነው። ልጅቱ እስከ ረቡዕ የምታስበው ነገር ኖራት፣ እናቷም መልስ ይዛ ትመለሳለች። ካቃታት «አገር ስጪኝ» ትበላትና ይጫወቱበት። ትልቅ ሰው እንደ ቀልድ ያየዋል፤ ነገር ግን ልጅ የሚያምነው ትንሽ ቃል ተደጋግሞ ሲፈጸም ነው፤ ትልቁ ቃል ሁለት ጊዜ ፈርሷልና።

አሁን ልጅቱ ስልኩን እምቢ ብላለች፤ አያስገድዷት። ስልኩን በድምፅ ማጉያ ያድርጉና እሷ የምትሰማበት ቦታ ሆነው፣ ለእናቷ «ዛሬ ማውራት አልፈለገችም፤ አጠገባችን ቁጭ ብላ ሥዕል እየሣለች ነው» ይበሏት። እናት ደግሞ ሳትለምን፣ ሳታለቅስ፣ ስለ ራሷ ቀን ትንሽ ታውራ፦ ምን አበሰለች፣ የቤቱ ድመት ምን ሠራች። «ለምን አታናግሪኝም፣ ጠላሽኝ?» የሚለው ጥያቄ በፍጹም አይነሳ። ከአራት ከአምስት ጥሪ በኋላ ልጅቱ ከወዲያ ሆና አንድ ቃል ጣል ታደርጋለች። ያን ቀን ማንም እልል አይበል።

እናቷ በቀጠሮው ካልደወለች ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ፣ ከዚያ «ሥራ በዝቶባታል፤ ድምፅ ትልክልሻለች» ተብሎ ልጅቱ ወደ ጨዋታዋ ትሂድ። ስልክ ታቅፋ እንድታመሽ አይተዋት። በረመዳን ቀጠሮው ይሰረዝና የድምፅ መልእክት ብቻ ይሁን፤ ያኔ ቀንና ሌሊቱ ስለሚገለበጥ ቀጠሮ ይፈርሳል። ዳታ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ፤ በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር አይረሳዎትም። ለዚያ ቀን የሚሆን መደበኛ ጥሪ፣ ሁለት ደቂቃም ቢሆን፣ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ልጅቱም «ኢሞ የጠፋው ለሁሉም ነው» የሚለውን ትስማ። የእናቷን የድምፅ መልእክቶች በሚሞሪ ካርድ ይገልብጡላት፤ ስልክ ሲቀየር አብረው ይጠፋሉ። (እናቱ ዱባይ የሆነች ልጅ ያለችሁ አንባቢዎች፦ እዚያ በኢሞና በዋትስአፕ መደወል የተዘጋ ስለሆነ ብዙዎች ቦቲም ነው የሚጠቀሙት፤ ሰዓቱም ከእኛ በአንድ ይቀድማል። «እናቴ አልደወለችም» ከማለታችሁ በፊት ይህን አጣሩ።)

ፍራሽ ማርጠቡን በተመለከተ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስደው ሽንቷን ያስመርምሩ። ደረቅ ሆና ቆይታ እንደገና የጀመረች ልጅ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊኖርባት ይችላል፤ ብዙ ውሃ የምትጠጣና የምትከሳ ከሆነ ስኳርም ይታይላት። ምንም ካልተገኘ ብዙ ጊዜ ጭንቀት ነው፣ ያልፋል። ከፍራሹ በላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ በላይ አንሶላ። ሽንት ቤቱ ውጭ ከሆነ በጨለማ መውጣት ስለምትፈራ ፖፖ ወይም ባልዲ አልጋዋ አጠገብ ይኑር፣ ባትሪም ይሰጣት። ፍራሹ ጎረቤት በሚያየው አጥር ላይ አይሰጣ። ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብ ከተወች፣ ከልጆች ጋር መጫወት ካቆመች ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ደግሞ አይጠብቁ፤ ደሴ ኮምፕሬኸንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

አሁን ትንሽ የሚመስል ነገር እንንገርዎ፤ ጫማ። እናት የምታስታውሰው የአራት ዓመት እግር ነው። የሪያድን ገበያ ዞራ የምትገዛው ጫማ ሲደርስ አይገባም፤ ልጅ «እኔን አታውቀኝም» ትላለች፣ እናትም ታለቅሳለች። ስለዚህ ማታ፣ እግር በሚያብጥበት ሰዓት፣ ተረከዟን ከግድግዳ አስጠግታ በወረቀት ላይ ትቁም፤ እስከ ረጅሙ ጣት ይለኩ። 19 ሴንቲ ተኩል ከሆነ አንድ ሴንቲ ጨምረው 20 ሴንቲ ተኩል ብለው ይላኩ፤ በቁጥር 32 አካባቢ ይሆናል፣ ግን ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በሴንቲ ትግዛ። ቁመቷንም በበሩ መቃን ላይ ለክተው ፎቶውን ይላኩላት። መለካቱን ራሷ ልጅቱ ትሥራ፤ ለዕቃው ብለን ብቻ አይደለም፣ እናቷ ስንት እንዳደገች ከእሷው እንድትሰማ ነው። የልጅቱ ዕቃ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ይምጣ። ትልቁ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፤ ቢደርስም ዘመድ ነው ቀድሞ የሚከፍተው።

ቦሌ ድረስ ልጅቱን አይውሰዷት። መንገዱ ረጅም ነው፣ የሚዘጋበትም ቀን አለ፤ በረራው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፤ በዚያ ግርግር መሀል ዓባያ ከለበሱ መቶ ሴቶች እናቷን መለየት ካቃታት ያ ለብዙ ጊዜ ይቆጫታል። እህትዎ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ የምትገባ ከሆነ እዚያ መውሰድ ይቻላል፤ ካልሆነ ቤት ይሻላል። ከመድረሷ በፊት የዚያን ቀን ፎቶዋን በልብሷ ትላክ፣ ልጅቱ ትየው።

ስትገባ «ሂጂ ሳሚያት፣ እናትሽ እኮ ናት!» ብሎ መግፋት የለም። ልጅቱ ከእርስዎ ኋላ ብትደበቅ፣ ብትሸሽ፣ ወይም እንደ እንግዳ በአክብሮት ብትጨብጣት ያው ነው፤ ሁሉም የተለመደ ነው። እናት ዝቅ ብላ ትቀመጥ፣ እጇን ትዘርጋ፣ ትጠብቅ። ጎረቤት ዳቦ ይዞ፣ ዘመድ በግ እየጎተተ መምጣቱ አይቀርም፤ ወሎ ነውና ማንም አያስቀረውም። ድግሱ ግን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን ላይ ቢሆን ይመረጣል። የመጀመሪያው ምሽት የሦስታችሁና የልጅቱ ይሁን። ልጅቱም በለመደችው ቦታ፣ ከለመደችው ሰው ጋር ትተኛ፤ እናት አጠገብ ሌላ ፍራሽ ታንጥፍ።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚመጣውን አስቀድመው ለእህትዎ ይንገሯት፤ አለበለዚያ ይሰብራታል። ልጅቱ ልታምጽ ትችላለች። «አንቺ አታዢኝም» ትላለች፣ ያመጣችላትን አሻንጉሊት ትጥላለች፣ እርስዎን ትጣበቃለች። ይህ ፈተና ነው፤ «ብከፋም ትቀሪያለሽ?» ማለቷ ነው። ያን ወር እናት ቅጣት አትስጥ። የቤቱ ሥርዓት በአያት እጅ ይቆይ። እናትየዋም ራሷ ደህና ላትሆን ትችላለች፤ ለዓመታት ሌሊት ስትጠራ የኖረች ሴት በትንሽ ድምፅ ብድግ ትላለች፣ ትቆጣለች፣ ቀን ትተኛለች። ለወር ያህል «መቼ ሥራ ትጀምሪያለሽ?» አትበሏት።

ለዕረፍት የመጣች ከሆነ ደግሞ ልጅቱ ገና ከመምጣቷ በፊት ትወቀው፦ «እማዬ ትመጣለች፣ ይህን ያህል ሳምንት ትቆያለች፣ ከዚያ ትመለሳለች።» መሄጃውም በቀን ብርሃን፣ ልጅቱ ነቅታ፣ ተሰናብታ ይሁን። ታለቅሳለች። ታልቅስ። የዛሬ አራት ዓመቱ ሌሊት ያመጣውን እርስዎ በዓይንዎ እያዩት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ «እኔ ምን ልሁን?» የሚለው፤ ደብዳቤውን ያስጻፈዎት እሱ ይመስለናል። ያሉበት ይሁኑ። «እማ» ማለቷን አይከልክሏት፣ እህትዎም እንዳትከለክላት ይንገሯት፤ አንዱን ስም መቀማት ሁለተኛ መለየት ነው። ሁለት ስም ይበቃል፦ እርስዎ «እማ»፣ እሷ «እማዬ» ወይም ልጅቱ የመረጠችው። ሥራውን ደግሞ በአንዴ አያስረክቡ። የመጀመሪያውን ሳምንት ፊቷን የሚያጥቧት፣ ጸጉሯን የሚሠሯት፣ ትምህርት ቤት የሚሸኟት እርስዎ ነዎት፤ እናቷ አጠገብ ትቀመጣለች። በሁለተኛው ሳምንት አንዱን ብቻ ይስጧት፤ ጸጉሩን፣ ምክንያቱም ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ፊት ለፊት መተያየት አያስፈልገውም፣ ወሬ በራሱ ይመጣል። በሦስተኛው መሸኘቱን። መኝታው ይቆይ፤ ልጅቱ ራሷ ትራሷን ይዛ ስትሄድ ያኔ ነው ጊዜው። እህትዎ ጠቅልላ ገብታ ሌላ ቤት የምትወጣ ከሆነም ልጅቱ በሳምንት ውስጥ እርስዎ ጋ የምታድርበት የታወቀ ቀን ይኑራት፤ ያ ቀን ከመውጣታቸው በፊት ይቆረጥ፣ ለልጅቱም ይነገራት።